በሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል በሦስተኛው ቀን የሚመለስ ትኩሳት፦ ፍተሻው ከየት ይጀመር?

የጮቄ ሥር (ጥያቄ)
ሰላም ለሁላችሁ። ጎጃም ውስጥ ያለ ሆስፒታል የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው፤ ስድስት አልጋ አለን። በሁለት ሳምንት ውስጥ በሳንባ ምች የገቡ አራት ልጆች ትንፋሻቸው መለስ ካለ በኋላ፣ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ትኩሳታቸው እንደገና ወጣ። የሁለቱ ደም ካልቸር (ጀርሙን በላብራቶሪ አብቅሎ የማየት ምርመራ) ላይ ክሌብሲየላ የሚባል ባክቴሪያ በቀለ፤ ሴፍትራያክሰን የተባለው አንቲባዮቲክ አይመልሰውም። ወለሉንም ግድግዳውንም በበረኪና አጠብን፣ ለውጥ የለም። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን። ቀጥሎ ምኑን እንፈትሽ?

ሲስተር ከዳንግላ
ግድግዳውን ተዉት፤ ክሌብሲየላ እርጥበት ነው የሚወድ። ልጁ ከገባ 48 ሰዓት ካለፈ በኋላ የመጣ ትኩሳት ከክፍሉ እንደተያዘ ቆጥራችሁ በአንድ ወረቀት ጻፉ፦ አልጋ፣ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) የገባበት ቀን፣ በደም ሥር የተሰጠ መድኃኒት ሁሉ፣ በምን እንደተበጠበጠ። አራቱም የሚገናኙበት ነገር እዚያው ይታያችኋል።

እኔ መጀመሪያ የማየው መድኃኒት መበጥበጫውን ነው። አንድ የኖርማል ሳላይን ወይም የግሉኮስ ከረጢት ይሰቀላል፣ ላስቲኩ ላይ መርፌ ተሰክቶ ይቀራል፣ ሁሉም ቀኑን ሙሉ ከዚያ ይቀዳል። ያ መርፌ ክፍት በር ነው። አንድ ያልታጠበ እጅ ከነካው ባክቴሪያው በክፍሉ ሙቀት ይራባል፤ ሲመሽ በየልጁ ካኑላ ይገባል። ፈሳሹ ጥርት ብሎ መታየቱ አያታልላችሁ፤ በአንድ ሚሊ ሊትር መቶ ሺህ ባክቴሪያ ቢኖርም ለዓይን አይደፈርስም። ባለ 10 ሚሊ ሊትር የመርፌ ውኃ (መድኃኒት የሚበጠበጥበት ንጹሕ ውኃ) ለአንድ ልጅ አንዴ ከፍታችሁ ትራፊውን ድፉት። ከ40 ፐርሰንት ግሉኮስ የተረፈውም እንደዚያው። የካኑላውን ክዳን ከመክፈታችሁ በፊት በ70 ፐርሰንት አልኮል 15 ሴኮንድ አሹት፤ እስኪደርቅ ጠብቁ።

ኦክስጅን ክፍል
ሁለተኛው ኦክስጅኑ የሚያልፍበት የማርጠቢያ ጠርሙስ ውኃ ነው። በናዛል ፕሮንግ (አፍንጫ ላይ በሚሰካ ቱቦ) ለአራስ ከ0.5 እስከ 1፣ ለሕፃን ከ1 እስከ 2 ሊትር በደቂቃ የሚሰጥ ኦክስጅን ማርጠቢያ አያስፈልገውም፤ ጠርሙሱን ባዶ አድርጉት። ለሲፓፕ (በግፊት ለሚሰጥ የትንፋሽ ድጋፍ) ካስፈለገ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በየቀኑ ይቀየር። በጎደለው ላይ መጨመር ክልክል ነው፤ የድሮው ውኃ አዲሱን ይበክለዋል። እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ደጋ ውኃ ወደ 92 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ጠርሙሱን በሳሙና እጠቡ፤ ከዚያ 20 ሚሊ ሊትር ባለ 5 ፐርሰንት በረኪና በ980 ሚሊ ሊትር የፈላ፣ የቀዘቀዘ ውኃ በጥብጣችሁ 20 ደቂቃ ዘፍዝፉት። በፈላ ውኃ አለቅልቁት፤ በደንብ ይድረቅ። ሳይታጠብ የተዘፈዘፈ ዕቃ አይጸዳም፤ ቆሻሻው ክሎሪኑን ይበላዋል። ብጥብጡ አያድርም።

ላብራቶሪ
ከረጢቱን እንዳትጥሉት! ፈሳሹን ካልቸር አድርጉ፤ ያው ክሌብሲየላ ከበቀለ ምንጩ ተገኘ ማለት ነው። የቀሩት ሁለት ልጆች ደም አንቲባዮቲክ ከመቀየሩ በፊት ይወሰድ፤ ለሕፃን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር፣ በሕፃናት የደም ካልቸር ጠርሙስ። ወደ ባሕር ዳር የምትልኩ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት። አሚካሲንና ሜሮፔነም የተባሉት አንቲባዮቲኮች ይሠሩ እንደሆነ አብሮ ይታይ።

ውኃ ለሚቆራረጥበት ክፍል የእጅ አልኮሉን ፋርማሲያችሁ ሊሠራው ይችላል። ለ10 ሊትር፦ 96 ፐርሰንት ኢታኖል 8,333፣ 3 ፐርሰንት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 417፣ 98 ፐርሰንት ግሊሰሮል 145 ሚሊ ሊትር፤ የቀረው የፈላ፣ የቀዘቀዘ ውኃ። ተከድኖ 72 ሰዓት ይቀመጥ፤ ፐርኦክሳይዱ በጠርሙሱ ውስጥ ያሉትን ስፖሮች (ጠንካራ የባክቴሪያ ዘሮች) የሚገድለው በዚያ ጊዜ ነው። ግሊሰሮሉን አትቀንሱ፤ እጅ ከተሰነጣጠቀ ማንም አይቀባውም። በየአልጋው ይቀመጥ፤ አስታማሚ እናቶችም ይቀቡ። ደም ወይም ሰገራ የነካው እጅ ግን በሳሙና ነው የሚታጠብ።

የጮቄ ሥር
መርፌ ተሰክቶበት የሚያድር ከረጢት አለን። አውርደን ለላብራቶሪ አስቀምጠነዋል። የመርፌ ውኃው ሲያልቅብንስ?

ሲስተር ከዳንግላ
ለየልጁ የራሱ ትንሽ ከረጢት፤ ስም፣ ቀንና ሰዓት ይጻፍበት፣ 24 ሰዓት ሲሞላው ይጣል። በቀዳችሁ ቁጥር ላስቲኩን በአልኮል አሹት፤ አዲስ መርፌ፣ አዲስ ሲሪንጅ። መርፌው ተነቅሎ ይውጣ፤ ለአንድ ደቂቃም ተሰክቶ አይቆይ።