ድባቴ በኢትዮጵያ፦ አኃዙ ተጋንኗል?

የሐሳቡ አቅራቢ፦ ከ100 ኢትዮጵያውያን ዐዋቂዎች 9ኙ ድባቴ አለባቸው የሚለው አኃዝ በየመድረኩ ሲጠቀስ እሰማለሁ፤ እኔ ግን የተጋነነ ነው ባይ ነኝ። ድርቅ፣ ጦርነትና የኑሮ ውድነት በተደራረቡበት አገር ያዘነና የከፋው ሁሉ ሕመምተኛ ከተባለ፣ የሚተርፍ ጤነኛ አይኖርም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት የአገራችንን ድርሻ ያስቀመጠው 4.7 በመቶ ላይ ነው።

መምህርት፦ ወንድሜ፣ ለሐዘን እኮ ዕድር አለ፤ ሰው ለሞተበት ጎረቤት ሁሉ ይደርስለታል። ሞት ሳይኖር ከአልጋው መነሣት ላቃተው ሰው ግን ድንኳን የሚተክልለት የለም፤ «ሰነፍ» ወይም «መንፈስ የያዘው» ተብሎ ይታለፋል።

የአእምሮ ጤና ባለሙያ፦ ሁለቱ አኃዞች በቀጥታ አይነጻጸሩም። 9.1 በመቶ የሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በተካሄደው የዓለም ጤና ዳሰሳ ዕድሜያቸው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 4,925 ሰዎች ከሰጡት መልስ የተገኘ ነው። 4.7 በመቶው ግን ሕፃናትን ጨምሮ ለጠቅላላው ሕዝብ የተሰላ ግምት ስለሆነ፣ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ልጅና ታዳጊ በሆነበት አገር የዐዋቂዎቹን ድርሻ ዝቅ አድርጎ ያሳያል።

ያም ሆኖ ጥርጣሬዎ መሠረት የለውም አልልም። በብዛት የምንሠራበት ባለ 9 ጥያቄ መጠይቅ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎትና ድካም ጭምር ስለሚጠይቅ፣ በአጨዳ ሰሞን የተጠየቀ ገበሬ ከድካሙ ብቻ ነጥብ ሊያስቆጥር ይችላል። ድባቴ ሊኖር ይችላል የሚያሰኘው መለያ ነጥብም አንድ አይደለም፤ በአዲስ አበባ ሆስፒታል በተደረገ ፍተሻ 10 ተስማሚ ሆኖ ሲገኝ፣ በገጠር ጤና ጣቢያዎች በተደረገው ግን 5 ነበር። መለኪያውን ሳይናገሩ በመቶኛ ብቻ እየወረወሩ መከራከር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያሰለቸኛል።

የሐሳቡ አቅራቢ፦ መለኪያው እንዲህ የሚዋዥቅ ከሆነ በእርሱ ላይ ተመሥርቶ በጀት መመደብ እንዴት ይቻላል?

የአእምሮ ጤና ባለሙያ፦ ለበጀት የሚያሳስበኝ ሌላኛው አኃዝ ነው። በዚያው ዳሰሳ ድባቴ ከተገኘባቸው መካከል ሕክምና ፍለጋ የሄዱት 22.9 በመቶ ብቻ ነበሩ። የሄዱትም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ራስ ምታትን ወይም እንቅልፍ ማጣትን ነው፤ ስለ ስሜታቸው የሚጠይቃቸው ካላገኙ ማስታገሻ ይዘው ይመለሳሉ። 9.1ን በግማሽ ቢቀንሱትም ይህ ክፍተት ስለማይዘጋ፣ ገንዘቡ ከሌላ ቆጠራ ይልቅ በቅድሚያ ለጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሥልጠና ቢውል እመርጣለሁ።