አዳራሽ ወይስ ሻንጣ? የወጣቶች ጥበብ የጋራ ፕሮፖዛል፣ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሌሎቹ ሁለት ማኅበራት ጋር የምናስገባው ፕሮፖዛል የመጀመሪያ ረቂቅ ባጭሩ ይኸው፦ የሦስት ቀን የሥዕል ዐውደ ርዕይ በአዳራሽ፣ የክብር እንግዶች የመክፈቻ ንግግር፣ ለሦስት ምርጥ ሥራዎች ሽልማት። ጭብጡ «የአፍሪካ ወጣት ፈጠራና ነጻነት» ነው። አስተያየት እስከ ሐሙስ።

ሰብሳቢ፦
እኔ ተስማምቻለሁ። አዳራሹ በነጻ ተገኝቷል። ይህን ዕድል ባናባክነው ጥሩ ነው።

የሥዕል ክፍል አስተባባሪ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ረቂቁን አልወደድኩትም። ጭብጡ ነጻነት ነው፤ የሚመጣው ግን ዘመድ፣ ጓደኛና እኛው ነን። ፎቶ፣ ኬክ፣ በቃ። ሰኞ ሥዕሎቹ ተጠቅልለው ቁም ሳጥን ላይ ይወጣሉ።

ሌላ ነገር ላቅርብ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአፓርታይድ የሸሹ ወጣት ደቡብ አፍሪካውያን ጋቦሮኔ፣ ቦትስዋና ውስጥ ሜዱ የሚባል ስብስብ ነበራቸው። ሰዓሊ አለ፣ ገጣሚ አለ፣ ሙዚቀኛ አለ። ራሳቸውን «የባህል ሠራተኛ» ነበር የሚሉት። ፖስተር ያትሙና ድንበር አሻግረው አገራቸው ያስገቡታል። በኋላ ፖስተሩን ከማሻገር ማተሚያውን መስጠት እንደሚሻል ገባቸው። ሻንጣ ውስጥ የሚገባ የስክሪን ማተሚያ ሠሩ። መብራት በሌለበት ቤትም ይሠራል።

ነገሩ ከባድ አይደለም። ቀጭን ጨርቅ በእንጨት ፍሬም ላይ ይወጠራል። ቀለም የማያልፍበት ቦታ ይደፈናል። ከዚያ ቀለሙ ይፈስስና በጎማ ይሳባል። ፍሬሙ ሲነሳ ምስሉ ወረቀቱ ላይ አለ። ቀጣዩ ወረቀት ይገባል። ቲሸርት የሚያትሙ የሰፈር ልጆች ይህን ዓይናቸውን ጨፍነው ይሠሩታል። እና እኛም ሻንጣ ብናዘጋጅስ? ለሦስት ሰፈር ሦስት ሻንጣ። ልጆቹ ራሳቸው ይሳሉ፣ ራሳቸው ያትሙ፣ የት እንደሚለጠፍም ራሳቸው ይወስኑ።

መምህርት (አባል)፦
ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ንገረን እንጂ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 1985 የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ሌሊት ጋቦሮኔ ገብተው 12 ሰው ገደሉ። የሜዱ ሰዓሊ ታሚ ምንዬሌ አንዱ ነበር። ሜዱም ከዚያ በኋላ አበቃለት። እኔ የማስተምረው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች ነው። እናቶቻቸው ነገ እኔን ነው የሚጠይቁኝ።

የሥዕል ክፍል አስተባባሪ፦
ልክ ነሽ እህቴ። ዕድሜው 18 ያልሞላ ልጅ ስሙም ፎቶውም ያለ ወላጅ ፈቃድ የትም አይውጣ። የሚለጠፍበት ቦታም አስቀድሞ ባለቤቱ የፈቀደው ይሁን። ይህ በጽሑፍ ይግባ።

ከዋሽንግተን (አባል)፦
ከዚህ ሆኜ አንድ ነገር ልበል። ገንዘቡን የምንሰበስበው ከማኅበረሰቡ ነው፤ እዚህ ደግሞ ሁሉም የየራሱ ፖለቲካ አለው። አንድ ፖስተር ወጥቶ ግማሹ ቢያኮርፍ በጀቱ ገደል ገባ። ርዕሱን እኛ ብንሰጣቸውስ? ሰላም፣ አንድነት፣ ጽዳት።

የሥዕል ክፍል አስተባባሪ፦
ወንድሜ፣ ርዕሱን እኛ ከሰጠናቸው ምኑን ነጻነት ሆነ? ሃምሳ ርግብ ስለው ነው የሚያመጡልን።

ጽዳት ካልክ ደግሞ የሴኔጋልን ዋና ከተማ ዳካርን እይ። እ.ኤ.አ. በ1989 እና 1990 ወጣቶቹ ቆሻሻ የሚያነሳላቸው ሲያጡ ራሳቸው መንገዱን ጠረጉ፣ ግድግዳውንም በሥዕል ሞሉት። «ሴት ሴታል» ይሉታል፤ በወሎፍ ቋንቋ ንጹሕ መሆንና ማጽዳት ማለት ነው። ርዕስ የሰጣቸው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2011ም እዚያው ሴኔጋል መብራት እየጠፋ ሲያስመርራቸው ራፐሮችና ጋዜጠኞች «ያናማር» (በፈረንሳይኛ «መረረን» እንደማለት) የሚባለውን እንቅስቃሴ ጀመሩ። ወጣቱን ለምርጫ እንዲመዘገብ ቀሰቀሱ፤ በ2012 ፕሬዚዳንት ዋድ ተሸነፉ። መነሻው መብራት ነበር! የእኛዎቹ ስለ ታክሲ ሰልፍ ወይም ስለ ቤት ኪራይ ቢስሉ ማን ያኮርፋል?

ከዋሽንግተን (አባል)፦
አከራዮቹ 😄
እሺ፣ ርዕሱን ትቻለሁ። ግን ስድብና ብሔር ማንቋሸሽ አይታተምም የሚል አንድ መስመር ይኑር። ያለዚያ እዚህ ማስረዳት አልችልም።

ጸሐፊ፦
ይገባል። እኔም ለሻንጣው አንድ ድምፅ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2019 ካርቱም ውስጥ ወጣቶች ከሠራዊቱ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ለሳምንታት ለተቃውሞ ሲቀመጡ በአካባቢው ያለውን ግድግዳ በሥዕል ሸፍነውት ነበር። ሰኔ 3 ቀን ተኩስ ተከፍቶ ብዙ ሰው አለቀ፣ ሥዕሎቹም በቀለም ተደመሰሱ። ግድግዳ አንድ ነው፤ ቀለም የያዘ ሰው ከመጣ አለቀ። ፖስተር ግን መቶ ነው።

ሰብሳቢ፦
ልጆቼ፣ ሁሉንም አንብቤያለሁ። ሻንጣው ይሁን። አዳራሹን ግን እንዲህ አትናቁት። በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በኮሌጅ ቀን የድሃውን ኑሮ በግጥም ያነበቡት ጃንሆይ ፊት ለፊት ተቀምጠው እየሰሙ ነው። ሰፈር ውስጥ ለእርስ በርስ ማውራት አንድ ነገር ነው። ባለሥልጣኑን አስቀምጦ ማሰማት ሌላ ነው።

የሥዕል ክፍል አስተባባሪ፦
ጋሼ፣ ይሄንን አላሰብኩትም ነበር። በአንድ ነገር እንስማማ፤ በአዳራሹ እንግዶች ንግግር አያድርጉ። ይቀመጡና ይስሙ። የሚናገሩት ልጆቹ ናቸው።

ሰብሳቢ፦
እንግዳ ጠርቶ ንግግር መከልከል በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ግን እኔ አነጋግራቸዋለሁ።

መምህርት (አባል)፦
ሽልማቱም ይቅር። አንደኛ፣ ሁለተኛ ሲባል ልጆቹ ዳኛው የሚወደውን ነው የሚሠሩት። ገንዘቡ ለቀለም ይዋል።

ጸሐፊ፦
እንግዲህ የተሻሻለው ይህ ነው፦ «በሦስት ሰፈሮች ለሁለት ወር የስክሪን ህትመት ሥልጠና ይሰጣል። እያንዳንዱ ሰፈር አንድ ሙሉ የማተሚያ ሻንጣ ይረከባል፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅም ንብረቱ የወጣቶቹ ነው። ርዕስና ምስል የሚመርጡት ወጣቶቹ ናቸው፤ ስድብና ብሔርን ማንቋሸሽ አይታተምም። ዕድሜያቸው 18 ያልሞላ ልጆች ስምና ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይወጣም፤ ፖስተር የሚለጠፈው የቦታው ባለቤት ሲፈቅድ ነው። በመጨረሻ በአዳራሽ አንድ ምሽት ይዘጋጃል፤ የሚናገሩት ወጣቶቹ ብቻ ናቸው።»

ሒሳብ ያዥ፦
ዝም ያልኩት በጀቱን እያየሁ ነው። የሽልማቱና የመስተንግዶው ገንዘብ ፍሬም፣ ጨርቅና ጎማ ይችላል። ቀለም ላይ ግን እንጠብባለን። በውኃ የሚታጠበው ይሁን፤ ልጆቹ በነዳጅ እጃቸውን እንዲያጥቡ አልፈልግም። የሥዕል ክፍል ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ እስከ ረቡዕ ያምጣልኝ። ያለ ፕሮፎርማ አልፈርምም።

የሥዕል ክፍል አስተባባሪ፦
ነገ መርካቶ እወርዳለሁ።