ክራርንና ማሲንቆን የሚያውቅ መቃኛ፦ የጋራ ፕሮፖዛላችን

ክራር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ ማኅበራችን አንድ የጋራ ሥራ ያቅርብ ተባብለን ነበር። ቀን ኮድ ጽፈን ማታ መሣሪያ የምናነሳ ሰዎች ስለሆንን ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር ቢሆን ደስ ይለኛል። ሐሳቤ ይኸው፤ የማይጥማችሁን ቆርጣችሁ የጎደለውን ጨምሩበት።

ስልክ ላይ የምናገኛቸው መቃኛ አፖች አብዛኞቹ በጊታር ልክ የተሠሩ ናቸው። ኦክታቩን፣ ማለትም ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን ርቀት፣ እኩል 12 ቦታ ይከፍሉታል፤ ላ የሚባለው ድምፅ 440 ሄርዝ ነው ብለው ይነሳሉ። ክራር ግን የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው። ዘፋኟ ዝቅ ካለች ክሮቹ ሁሉ አብረዋት ይወርዳሉ፤ ይህ ትክክለኛ አሠራር ነው። አፑ ግን ቀይ ያበራል፣ ጀማሪውም የገዛ ጆሮውን መጠራጠር ይጀምራል። ስለዚህ አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ የሚያውቅ መቃኛ እንሥራ። መነሻውን ድምፅ ተጫዋቹ ይምረጥ፤ አፑ ከዚያ ተነስቶ የሌሎቹን ክሮች ርቀት ያሳየው።

ቤዝ ጊታር፦
አሪፍ ነው፣ እኔ አለሁበት። ቴክኒኩ አያስቸግረንም። ከማይክ የገባውን ድምፅ ድግግሞሽ ለማግኘት በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው ዪን የሚባለው ስልት ይበቃናል፤ ነፃ ኮዱም ሞልቷል። ቅኝቶቹን በቁጥር እናስገባለን። ትዝታ ሜጀር ከዶ ሲነሳ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው፤ ሌሎቹም እንዲሁ አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። የመጀመሪያውን ቅጂ ቶሎ አውጥተን ሰው እንዲሞክረው እናድርግ።

ማሲንቆ፦
ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ያስቀመጥከው የፒያኖ ልኬት ነው። ማሲንቆ አንድ የጭራ ክር ነው፤ ጣት የሚቆምበት ፍሬት የለውም። በተለይ አንቺ ሆዬ ስጫወት ጣቴ የሚያርፍበት ቦታ ከፒያኖው ቁልፍ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። የፒያኖን ቁጥር ከከተትንበት ያው የጊታሩ አፕ በአማርኛ ስም መጣ ማለት ነው። አፕ ደግሞ ይታመናል። ልጁ አስተማሪው ካለው ይልቅ አረንጓዴውን መብራት ይሰማል። ይህ በጣም ያሳስበኛል። ከኮዱ በፊት በጆሮ የሚቃኙ ሰዎችን እንቅዳ፤ ከዚያ እንለካ።

ቤዝ ጊታር፦
እውነትሽን ነው፣ ቁጥሩም ይደግፍሻል። የድምፅ ርቀት በሴንት ይለካል፤ አንድ ኦክታቭ 1200 ሴንት ነው። በጆሮ የተስተካከለ አምስተኛ (ከዶ እስከ ሶል) 702 ሴንት ነው፤ ፒያኖው ላይ 700። ይህ ብዙም አይሰማም። በጆሮ የተስተካከለ ትልቅ ሦስተኛ (ከዶ እስከ ሚ) ግን 386 ሲሆን ፒያኖው 400 ላይ ያስቀምጠዋል። 14 ሴንት ጆሮ ይይዘዋል። እንግዲህ ብዙ ሰው ቀድተን አማካዩን እንውሰድ?

ማሲንቆ፦
አማካይ አይሁን፣ እባክህ። አማካዩ ማንም የማይጫወተው ቅኝት ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ተጫዋች በስሙና በአገሩ ይቀመጥ። ተማሪው የማንን አቃኛኘት እንደሚከተል ራሱ ይምረጥ።

ኪቦርድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ከዚህ ከአሜሪካ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ የሚያድጉ ልጆቻችን ብዙዎቹ ሙዚቃ የሚጀምሩት በፒያኖ ነው። ክራሩ በጆሮ ብቻ ከተቃኘ ከኪቦርዱ ጋር አብሮ መጫወት ያስቸግራቸዋል። በፒያኖ ልክ የተቃኘ ቅኝት ሐሰት ነው የሚባል ነገርም አልቀበልም። ሙላቱ አስታጥቄ ቅኝቶቻችንን በቪብራፎን ተጫውተዋል፤ ቪብራፎን ደግሞ እየተመታ የሚጫወቱት፣ የእያንዳንዱ ብረት ድምፅ አስቀድሞ የተወሰነ መሣሪያ ነው፣ እየተጫወቱ ከፍ ዝቅ አያደርጉትም። ኢትዮ ጃዝ ከዚያ ነው የወጣው። ስለዚህ አፑ ሁለት ምርጫ ይኑረው፤ አንዱ በኪቦርድ ልክ፣ አንዱ በተጫዋች ልክ።

ማሲንቆ፦
በዚህ እስማማለሁ። መጀመሪያ ሲከፈት ግን የተጫዋቹ ይምጣ።

ዋሽንት፦
ልጆቼ፣ ጥሩ ይዛችኋል። እኔ የምጨነቀው ስለምንቀዳቸው ሰዎች ነው። አዝማሪ ቀድቶ፣ አመስግኖ መሄድ ይብቃ። የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ለተጫዋቹም መብት ይሰጠዋል፤ ጨዋታው የሚቀዳው በእሱ ፈቃድ ነው። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፣ ከመፈረሙ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበብለት፣ ክፍያውም በዚያው ቀን እጁ ይግባ። ቅጂው ለምን ለምን እንደሚውል ይዘርዘር። በኋላ ሐሳቡን ቢለውጥ ድምፁ ከአፑ ይውጣለት። በጀቱ ላይ ይህ ከሰርቨሩ በፊት ይጻፍ።

ሌላ ደግሞ፣ ባቲም አምባሰልም የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። ወሎን ሳንረግጥ የወሎን ቅኝት ለካን ማለት አያምርብንም። መንገዱ ከፈቀደ እንሂድ። ካልፈቀደ አዲስ አበባ ካሉት የወሎ ልጆች እንጀምር።

ክራር፦
ጋሼ፣ እንዳሉት አድርጌዋለሁ። የተስተካከለው ረቂቅ ይኸውላችሁ፦

«ማኅበሩ ለክራርና ለማሲንቆ የሚሆን ነፃና ኮዱ ክፍት የሆነ መቃኛ ይሠራል። ሥራው በቀረጻ ይጀምራል። ተጫዋቾች በጽሑፍ ተስማምተውና ተከፍሏቸው አራቱን ቅኝቶች በራሳቸው ጆሮ ይቃኛሉ፣ ይጫወታሉ። ልኬቱ በየስማቸው ይቀመጣል፤ አማካይ አይወሰድም። ተጠቃሚው መነሻ ድምፁን ይመርጣል፤ ከፈለገም ወደ ኪቦርድ ልክ ይቀይራል። ኮዱ ክፍት ቢሆንም ቀረጻው ከተጫዋቾቹ ፈቃድ ውጭ ለማንም አይሰጥም።»

በገናን ለጊዜው ትቼዋለሁ። 10 አውታር ስላለውና አቃኛኘቱ ከመንፈሳዊ ዜማ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከደርዳሪዎቹ ጋር ሳንመካከር መንካት አልፈለግኩም።

ቤዝ ጊታር፦
ጥሩ ሆኗል። አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምርልኝ፦ «ቀረጻው በ48 ኪሎ ሄርዝና በ24 ቢት፣ ሳይጨመቅ ይቀመጣል።» በስልክ የሚቀዳ ካለም የስልኩ ጫጫታ ማጥፊያ ይዘጋ። የማሲንቆን ረጅም ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ሊቆርጠው ይችላል። የመለኪያውን ኮድ እኔ እይዛለሁ።

ኪቦርድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እዚህ ለተጫዋቾቹ ክፍያ መዋጮ አሰባስባለሁ። ጋሼ፣ የስምምነቱን ቅጽ እርስዎ ያርቅቁልን?

ዋሽንት፦
እሺ፣ እኔ ጋ ይሁን። የቅጂ መብት የሚያውቅ ጠበቃ ካሳየሁት በኋላ እልክላችኋለሁ። እስከዚያ ማንም ማንንም እንዳይቀዳ።