«ዜሮ ዜሮ ነው» ያለው ሰውዬ የት አለ?

ሩት ነኝ፦ ትናንት አንዱ እዚህ ስለ ሊኑክስ ሞጁል (ከርነሉ፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት፣ እየሠራ ሳለ የሚገባና የሚወጣ የኮድ ቁራጭ) ሲያወራ «ኤልኤስሞድ (የገቡትን ሞጁሎች የሚዘረዝረው ትዕዛዝ) ላይ ቆጣሪው፣ ስንት ተጠቃሚ እንደያዘው የሚናገረው፣ ዜሮ ካለ ሞጁሉን አውጣው፣ ዜሮ ዜሮ ነው» አለ። አምኜው የጻፍኩትን ድራይቨር (መሣሪያ የሚያንቀሳቅስ ሞጁል) አወጣሁ። ማሽኑ ደርቆ ቀረ። ማነው ያለው?

ጨለማው፦ እኔ ነኝ። አሁንም ዜሮ ዜሮ ነው። ድራይቨርህን ጠይቀው።

እማማ ሎግ፦ ቆጣሪ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። እንግዳ «ደህና እደሩ» ብሎ ቢነሳም ገና ደጃፉን አልተሻገረም። አንተ ወጣ ብለህ ቤቱን ታፈርስበታለህ። በከርነል 2.4 ዘመን ደግሞ ብዙ ሞጁል ራሱን በራሱ ነበር የሚቆጥረው። ቁጥሩን የሚጨምረው መስመር ያለው እዚያው በሚፈርሰው ቤት ውስጥ!

ጨለማው፦ እማማ፣ ተረቱን ተይው። ከከርነል 2.6 ወዲህ ትራይ ሞጁል ጌት (ሞጁሉን ከመጠቀም በፊት ለመያዝ የሚጠራ ፋንክሽን) አለ። ያዡ ውጭ ሆኖ ነው የሚይዘው። ሞጁሉ መውጣት ከጀመረ «አይቻልም» ይባላል። ስለዚህ ዜሮ...

እማማ ሎግ፦ ...ዜሮ ነው፣ ሰምተናል።

ሩት ነኝ፦ እኔን የመታኝ የአርሲዩ (አንባቢዎች እስኪጨርሱ ጠብቆ አሮጌውን ዳታ የሚያነሳ የከርነል ዘዴ) ኮልባክ፣ ማለትም በኋላ የሚጠራ ፋንክሽን፣ ነው። ኮል አርሲዩ ብዬ ወረፋ አስይዤው ነበር። ተራው ሲደርስ ኮዱ የለም።

ጨለማው፦ መውጫው ላይ አርሲዩ ባሪየር (ወረፋ የያዙት ኮልባኮች እስኪያልቁ የሚጠብቀውን) ሳትጠራ? ሃሃ። ታዲያ ምን አድርግ ትለኛለህ?

እማማ ሎግ፦ በሉ ስሙት! ዜሮ ዜሮ ነው፣ ግን ባሪየር ጥራ፣ ግን ታይመሩን አስቁም፣ ግን ወርክኪውን (በኋላ የሚሠራ ሥራ የሚሰለፍበትን) አራግፍ። ይሄን ሁሉ «ግን» የተሸከመ ዜሮ አይቼ አላውቅም።

ሦስት ኮር፦ ሞጁል ማውጣት ለምን ጭራሽ አይቀርም? የከርነል ገንቢው ረስቲ ራስል እ.ኤ.አ. በ2002 ኦታዋ ላይ፣ በገንቢዎቹ ስብሰባ፣ ማውጣት ይቅር የሚል ሐሳብ አንስቶ ነበር። ዛሬም ከርነል ስትገነባ ልታጠፋው ትችላለህ። ሪቡት አድርጉና ተገላገሉ።

ጨለማው፦ በቀን አርባ ጊዜ ድራይቨር ለሚሞክር ሰው ንገረው። አንተ ሞጁል ጽፈህ ታውቃለህ?

ሦስት ኮር፦ የኔን ተወው። እኛ ሰፈር መብራቱ ራሱ ሪቡት ያደርግልናል።

ጨለማው፦ ሩት፣ አንድ ጥያቄ። አርኤምሞድ (ሞጁል የሚያወጣው ትዕዛዝ) ላይ ማይነስ ኤፍ («በግድ አውጣ» የሚለውን) አልጨመርክም አይደል?

ሩት ነኝ፦ ... ለጥንቃቄ ብዬ።

ጨለማው፦ ለጥንቃቄ!! በቃ፣ ጨርሻለሁ።

እማማ ሎግ፦ የት ትሄዳለህ? ቆጣሪው ዜሮ ከሆነ ማይነስ ኤፍ የሚያስገድደው ነገር የለም። ያለ እሱም ይደርቅ ነበር። ያንተው ዜሮ ነው።