ስእለት እምነት ነው ወይስ ውል?

የከዚራዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታኅሣሥ 19 ደረሰ፤ ድሬዳዋ ላይ ወሬው ሁሉ የቁልቢ ገብርኤል ንግሥና ስእለት ሆኗል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ተከራክረን ሳንስማማ ተለያየን፤ እናንተስ ምን ትላላችሁ? እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ፣ የንስሐ አባት አለኝ። ግን ስእለት አልሳልም። «ይህን ብታደርግልኝ ይህን እሰጣለሁ» ማለት ከፈጣሪ ጋር መዋዋል ይመስለኛል። እግዚአብሔር ልጅ የሚሰጠው ብር አይቶ ነው እንዴ? ከአቅሙ በላይ ተስሎ፣ ተበድሮ የከፈለ ሰው አውቃለሁ። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ግን አልተከፈለም። ይሄ እምነት ነው?

የሳቢያን ልጅ፦
እህቴ፣ ታዲያ ሐናን ምን ልትያት ነው? ወንድ ልጅ ብትሰጠኝ ላንተ እሰጠዋለሁ ብላ ተስላ አይደል ሳሙኤልን የወለደችው? ያዕቆብም በቤቴል ተስሏል። የጨነቀው ሰው ያለውን ይዞ አምላኩ ፊት ይቆማል። ይህን ውል ማለት ይከብዳል።

ገንደ ቆሬ፦
እኔ ጴንጤ ነኝ፤ በአክብሮት ነው የምናገረው። በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለው አንዱ ክርስቶስ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ለመልአክ መሳል አይገባኝም። ግን እውነቱን ለመናገር ችግሩ እኛም ጋ አለ። «ዝሩ፣ እጥፍ ታጭዳላችሁ» ሲባል ደሞዙን አራግፎ የሚሰጥ አለ። እሱም ያው ውል ነው።

ሰንበት ተማሪ፦
ለማስረዳት ያህል፣ እኛ መልአኩን አናመልክም። ስእለቱን የሚቀበለው እግዚአብሔር ነው፤ ገብርኤልን እንዲያማልደን ነው የምንለምነው።

የመጋላው፦
አቦ እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ትንሽ ልግባ። ተስለው ቁልቢ የሚወጡ ሙስሊሞችም አሉ። የኛ ኡስታዞች ደግሞ አጥብቀው ይከለክላሉ። ክርክሩ የእናንተ ብቻ አይምሰላችሁ።

ሐረር ሸዋ በር፦
ልጆቼ፣ ቁልቢን ያሠሩት ራስ መኮንን ናቸው። ወደ አድዋ ሲዘምቱ ተስለው፣ በ1888 ዓ.ም. ድል ከሆነ በኋላ አሠሩት ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ዓመታት አለፉ። ራስ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ መንገድ ላይ ታመሙ። በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ያረፉት እዚያው ቁልቢ ነው። ደጁን ያሠሩት ሰው ደጁ ላይ ሞቱ። ታዲያ ገብርኤል ቃሉን አጠፈ እንበል? እኔ እንዲህ ያለ ሰው አልሰማሁም።

የበዓሉን ታሪክም አስቡት። ታኅሣሥ 19 የሠለስቱ ደቂቅ፣ የሦስቱ ልጆች ቀን ነው። ንጉሡ ናቡከደነፆር እቶኑን አንድዶ ሲያስፈራራቸው፣ አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉት። ቀጥለውም፣ ባያድነን እንኳ ላቆምከው ምስል አንሰግድም አሉ። ምንም ዋስትና አልያዙም። መልአኩ የታየው እሳቱ ውስጥ ከተጣሉ በኋላ ነው። ቁልቢ የምንወጣው ይህን ልናከብር ሆኖ ሳለ፣ የለመንነው ካልሆነ እናኮርፋለን።

እኔ ባለቤቴ ስትታመም ተስዬ ነበር። አልዳነችም። ስእለቴን ግን ወስጄ ሰጠሁ። «ምን ተደረገልህና?» ያለኝ ወዳጅ ነበር። አብረን ያሳለፍነው ዘመን፣ ያሳደግናቸው ልጆች፣ ይሄ ሁሉ ተደርጎልኛል። የኔ ክርስትና ይህ ነው። እለምናለሁ፤ የሚወስነው እሱ ነው፤ ምስጋናዬ ግን በመልሱ ላይ አይንጠለጠልም።

የከዚራዋ፦
አባቴ፣ ነፍስ ይማር። እርስዎ እንዳሉት ከሆነ ተቃውሞ የለኝም። ግን ስንቱ ሰው እንዲህ አስቦ ነው የሚሳለው? ዕዳ ውስጥ የሚገባውስ?

ሰንበት ተማሪ፦
መጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 5 ላይ ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል ይሻላል ይላል። ሰው አቅሙን አይቶ ይሳል። ከአቅሙ በላይ የተሳለ ደግሞ ለንስሐ አባቱ ይንገር፤ ምክር ያገኛል። ልጆቹን ጾም አሳድሮ እንዲከፍል ማንም አያዘውም።

ገንደ ቆሬ፦
በመልአኩ ነገር አሁንም አልስማማም። አባቴ ስለ ምስጋና ያሉትን ግን ለኛም ጉባኤ አወራዋለሁ።

የከዚራዋ፦
አንድ ነገር ቀርቶኛል። በየንግሡ የሰጪው ስምና የብሩ መጠን በማይክ ይነገራል። ሁለት ሳንቲም የሰጠችውን መበለት ጌታ ያመሰገናት ከሀብታሞቹ አስበልጦ ነው። እሷ የመሰለች እናት ያን ስትሰማ ምን ይሰማታል?

የሳቢያን ልጅ፦
ምስክርነት ነው እኮ! የተደረገለት ሲናገር የጨነቀው ይጽናናል። እኔ ራሴ ከሰው አፍ ሰምቼ ነው የበረታሁት።

ሐረር ሸዋ በር፦
ልጄ፣ የተደረገልህ ይነገር፤ እሰየው ነው። ብሩ ለምን ይነገራል?