አክተሩን ጠላሁት፣ አክተሯ ጨጓራዬን ላጠችው፣ መጽሐፉን ግን አልተውኩትም

የሌሊት ተረኛ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የቫምፓየር ፍቅር የምታነቡ ካላችሁ ፍረዱኝ።

ትዋይላይትን፣ ያንን የቤላንና የቫምፓየሩን የኤድዋርድን ፍቅር የሚተርክ ተከታታይ መጽሐፍ፣ ያነበብኩት ሃይስኩል እያለሁ ነው። ያኔ የኤድዋርድን ስም ደብተሬ ሽፋን ላይ ጽፌ ነበር፣ አልዋሽም። አሁን የሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው፤ ሥራዬ ስልክ ማንሳት ነው፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ደግሞ ማንም አይደውልም። እና ተከታታዩን ከቴሌግራም አውርጄ እንደ አዲስ ጀመርኩት። ሦስተኛው ላይ፣ ኢክሊፕስ ላይ ስደርስ ደሜ ፈላ።

ቤላ ጓደኛዋን ጄኮብን፣ ያንን ተኩላ የሚሆነውን ልጅ፣ ልትጠይቅ ላ ፑሽ መሄድ ፈልጋለች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ቁልፉን ብታዞረው ወይ ፍንክች። ዞር ስትል ኤድዋርድ አጠገቧ ቁጭ ብሏል፤ ከሞተሩ የፈታው ዕቃ እጁ ላይ ነው። እንዳትሄድ ነው። ለደህንነቷ አስቦ ነው አሉ! ከዚያ ደግሞ በዚያ በተረጋጋ ድምፁ፣ ዛሬ ማታ መስኮትሽን ብትዘጊብኝ አልቀየምሽም ዓይነት ነገር ይላታል። እሷም ተናዳ ትገባና መስኮቱን ድርግም ታደርገዋለች። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ጮክ ብዬ «ጎሽ!» አልኩ። ሁለት መስመር ሳልወርድ ተመልሳ ከፈተችው። ያውም ገርበብ አድርጋ እንዳይመስላችሁ፣ እስከ ጥግ ነው የበረገደችው።

እሱ ሳያንስ፣ አደን ሲሄድ ቤላን ቤት ይዛ እንድትቆይለት ለእህቱ ለአሊስ ቢጫ ፖርሽ ይገዛላታል። ለአንድ የእስረኛ ጥበቃ ፖርሽ!

በቅርቡ ደግሞ አንድ አዲስ ዳርክ ሮማንስ የሚሉትን የጨለማ ፍቅር ልብወለድ ሞክሬ ነበር፣ ስሙን አልጠራም። ሰውዬው ጠልፎ ምድር ቤት ያስቀምጣታል፤ እሷ እገልሃለሁ ስትል ትቆይና በማግስቱ ስለ ዓይኑ ቀለም አንድ ገጽ ሙሉ ታወራለች። አንጀቴ አረረ። ግን ጨረስኩት።

እና ጥያቄዬ፦ ክፉ ወንድ ሌላ ቦታ አንብቤ ወድጄ አውቃለሁ። እነዚህን ለምን እጠላቸዋለሁ? ሴቶቹስ ለምንድን ነው እንዲህ የሚያበሽቁኝ? እንዲህ እያናደዱኝስ ለምን እጨርሳቸዋለሁ?

ዳጊ ፒያሳ፦

እህቴ፣ ዳርክ ሮማንስ ከፍተሽ ደግ ሰው ፍለጋ? መጀመሪያው ገጽ ላይ «ጠለፋ አለ፣ ደም አለ» ብለው ያስጠነቅቃሉ እኮ። ኤድዋርድ እንደሆነ በፈረንጅ 1901 የተወለደ ነው። በ1918 እኛ የኅዳር በሽታ በምንለው ወረርሽኝ ቺካጎ ውስጥ ሊሞት ሲል ነው ቫምፓየር ያደረጉት። ከሱ ስለ ሴት መብት ምን ትጠብቂያለሽ? ልብወለድ ነው፤ አታገቢውም። አንብበሽ ተዝናኚ።

የሌሊት ተረኛ፦

ዳጊ፣ ክፋቱ አይደለም ያናደደኝ አልኩህ እኮ። ክፉ ከሆነ ክፉ ይሁን። መኪናዋን ፈታትቶ «ስለምወድሽ ነው» ሲል፣ ደራሲዋም አብራ «አዎ ስለሚወዳት ነው» ስትለኝ ነው የማልችለው።

አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ፦

ልጄ፣ እኔ ብሔራዊ ቴአትር ጀርባ አሮጌ መጽሐፍ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። የአንቺን ቤላ አላነበብኳትም፤ ሽፋኑን ግን፣ ያንን ፖም የያዙ እጆች፣ ብዙ ጊዜ አገላብጬ ሸጬዋለሁ። የማውቀው የጥንቶቹን ነው። ስለነሱ ልንገርሽ።

ይሄ መልከ መልካም፣ ባለጠጋ፣ ልበ ደንዳና ቫምፓየር ከየት መጣ ብትይ ከአንድ የተከፋ ሐኪም ነው። ጆን ፖሊዶሪ የእንግሊዛዊው ባለቅኔ የሎርድ ባይረን የግል ሐኪም ነበር። በ1816 ክረምት ጄኔቫ ሐይቅ ዳር ዝናብ አላስወጣ ሲላቸው የሙት ታሪክ እንጻፍ ተባባሉ፤ ፍራንከንስታይን የሚባለው ልብወለድም የተጀመረው እዚያው ነው። ባይረን ሐኪሙን ያሾፍበት ነበር፣ በኋላም አሰናበተው። በ1819 የታተመው የፖሊዶሪ ቫምፓየር ሎርድ ሩትቨን ታዲያ ቁርጥ ባይረንን ነው፦ ባላባት፣ ቀዝቃዛ፣ የደረሰበትን ቤት ሁሉ የሚያፈርስ። ከዚያ በፊት በባልካን ገጠር የሚወራው ቫምፓየር ያበጠ የገበሬ ሬሳ ነበር፤ ማንም አይመኘውም። እና የሚገርመው፣ መጽሔቱ ታሪኩን ያወጣው በባይረን ስም ነው። ምስኪን ሐኪም።

እዚያ ውስጥ የሚያበሽቀው ሴት አይደለችም፣ ወንድ ነው። ኦብሪ የሚባል ወጣት የሩትቨንን ምስጢር እያወቀ ለአንድ ዓመት ከአንድ ቀን ላልናገር ብሎ ምሎለታል። እህቱን ለሩትቨን ሲድሯት እያየ በመሐላው ታስሮ ይቃጠላል፤ አፉን ሲፈታ ልጅቷ አልቃለች። እኔ ግን ኦብሪን አልጠላሁትም። ምን እንደያዘው አውቃለሁና።

ሌላው ድራኩላ ነው፣ የ1897ቱ። ሚና የምትባለውን ሴት አስተውያት። የሁሉንም ማስታወሻ ሰብስባ፣ በታይፕ ጽፋ፣ በቀን በቀን ያደራጀችው እሷ ናት፤ ያለሷ ወንዶቹ የሚያውቁት የተበጣጠሰ ነገር ነው። ሥራዋን ከጨረሰች በኋላ ግን «ከዚህ ወዲያ ለሴት ልብ ይከብዳል፣ አንቺ ተኚ» ብለው እሷን ትተው የጎረቤቱን ቤት ሊፈትሹ ይወጣሉ። ድራኩላ ደግሞ እሷ ወደተኛችበት ይመጣል።

ልብ በይ፤ በዚያ መጽሐፍ ቫምፓየር ከቤቱ ሰው አንዱ ግባ ሳይለው ደጃፉን አያልፍም። አንዴ ከተባለ በኋላ ነው እንደፈለገው የሚመላለስ። ሚና አልጋበዘችውም። ያስገባው እዚያው ቤት ያለ ሬንፊልድ የሚባል የአእምሮ ሕመምተኛ ነው። በኋላም ደሟ ከሱ ደም ጋር ስለተቀላቀለ፣ ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ በሂፕኖቲዝም አስተኝታችሁ ጠይቁኝ፣ የት እንዳለ እነግራችኋለሁ ያለችው ራሷ ናት። የሚያበሽቁት «ጠባቂዎቿ» ናቸው።

ትዕግሥት ዘቨርጂኒያ፦

ጋሼ ያነሱት የግብዣ ነገር! እኔ የምወዳት ሱኪ የዳነችው በሱ ነው።

የሻርሌይን ሃሪስን ተከታታይ ሞክሪው እህት፤ የመጀመሪያው በ2001 ነው የወጣው፣ ትሩ ብለድ የሚባለው የቴሌቪዥን ድራማ የተሠራው ከሱ ነው። ሱኪ ሉዊዚያና ውስጥ የቡና ቤት አስተናጋጅ ናት፤ የሰው ሐሳብ ሳትፈልግ ይሰማታል። ቢራ ስታቀርብ ሰውዬው ስለ ደረቷ የሚያስበው ሁሉ ጆሮዋ ላይ ይጮህባታል። የቫምፓየር ሐሳብ ግን አይሰማትም። ቢል የሚባለው ቫምፓየር ገብቶ ሲቀመጥ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥታ አገኘች። እኔ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጮህበት የሚውል ቦታ ነው የምሠራው፣ ለዚህ ጸጥታ ብላ ሙት ሰው ብታፈቅር አልፈርድባትም። ምክንያት አላት እኮ! ቆንጆ ነው ብላ ብቻ አይደለም።

ታበሽቃለች ወይ? በጣም! አትሂጂ የተባለችበት ሁሉ ትሄዳለች፣ ተደብድባ ትመለሳለች። ግን ቤቱ የሷ ነው፤ ሲመራት ግብዣዬን አንስቻለሁ ትላለች፣ ያ ሁሉ ጉልበት ያለው ቫምፓየር እግሩ ሳይወድ በግዱ ወደ ኋላ እየተራመደ ከበሩ ይወጣል። ያንን ስታነቢ የሚሰማሽን ደስታ አልነግርሽም።

ቢልም ንጹሕ አይደለም። (ያላነበባችሁ ይህችን ዝለሏት።) ስድስተኛው መጽሐፍ ላይ፣ መጀመሪያውኑ የመጣው የቫምፓየሮቹ ንግሥት ቅረባት ብላ ልካው እንደሆነ ይወጣል። ደራሲዋ ግን ያንን ፍቅር ነው ብላ አልሸጠችልኝም። ክህደት ነው፣ ሱኪም እንደ ክህደት ነው ያለቀሰችው።

የሌሊት ተረኛ፦

ጋሼ፣ ትዕግሥት፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ አሁን ገባኝ። ኤድዋርድን ማንም ግባ አላለውም! እነዚያ ቫምፓየሮች ግብዣ የሚባል ነገር አያውቁም። ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሮ እሷ ሳታውቅ ሌሊት ሌሊት እየገባ ስትተኛ ያያት ነበር። ይህንን ሲነግራት ምን ብላ የደነገጠች ይመስላችኋል? በእንቅልፌ ምን ለፍልፌ ይሆን ብላ! ሰው ቤቴ ገባ አይደለም ጭንቀቷ፣ ስምህን ጠርቼ ይሆን ነው። ደራሲዋ በሩን ከልጅቷ ወሰደችባት፤ በር የሌላት ሴት መስኮት ብትዘጋ ምን ዋጋ አለው፣ መልሳ ትከፍተዋለች።

ዳጊ ፒያሳ፦

ቆይ፣ ፍርድ ይስተካከል። ሁለተኛው ላይ እኮ ለደህንነቷ ብሎ ጥሏት ሄደ። ራቀላት። ያኔም ተናደዳችሁ። ኦክቶበር፣ ኖቬምበር እያሉ የወር ስም ብቻ ያለባቸው ባዶ ገጾች ተደርድረው ሴቷ ሞተች ቀረች ሲባል አንብቤያለሁ (በእህቴ መጽሐፍ ነው፣ አትሳቁ)። ሲጠብቃት አፈነ፣ ሲሄድ ከዳ። ምን ያድርግ ሰውዬው?

የሌሊት ተረኛ፦

ይጠይቃት! ሲሄድም ሲመለስም፣ መኪናዋን ሲፈታም የወሰነው ብቻውን ነው። እሷ የምትሰማው ካለቀ በኋላ ነው። ባዶዎቹ ገጾች ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ከተከታታዩ ሁሉ የምወዳቸው ናቸው። እዚያ ቤላ አላበሸቀችኝም። አዘንኩላት።

ትዕግሥት ዘቨርጂኒያ፦

ዳጊ፣ ተይዘሃል። ለምን እጨርሰዋለሁ ላልሽው ደግሞ፣ እኔ የምጨርሰው አንድ ቀን እምቢ ስትለው ለማየት ነው። ብዙ ጊዜ አትለውም። እኔ ግን እስከ መጨረሻው ገጽ እጠብቃለሁ፣ ሞኝ ነኝ።

አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ፦

መጨረሱስ ደግ ነው። ግን ፒዲኤፍ ፒዲኤፍ እያላችሁ እኛን ከገበያ አስወጣችሁን። ድራኩላ ከፈለግሽ አንድ የተገነጠለ ሽፋን ያለው አስቀምጬልሻለሁ፤ ውስጡ ሙሉ ነው።

የሌሊት ተረኛ፦

ጋሼ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ለሌላ እንዳይሸጡብኝ።

ዳጊ ፒያሳ፦

እሺ ተሸነፍኩ። ግን ከጄኮብ ወገን አንድ ሰው እንኳ የለም? ልጁ መኪና አልፈታ፣ በመስኮት አልገባ።

የሌሊት ተረኛ፦

ጄኮብ? እዚያው ኢክሊፕስ ላይ በግድ ሳማት፣ በቡጢ ብትመታው ፊቱ ድንጋይ ሆኖ የራሷ እጅ ተጎዳ። ይዟት ቤት ሲመጣ አባቷ፣ ያውም ፖሊስ ነው፣ ልጁን ጎበዝ አለው። ጎበዝ! እዚያ ጋ ስደርስ ስልክ ጠራ፣ ደዋዩን ሳልፈልግ ጮህኩበት።