ክረምት ሲባል የማን ክረምት? ሀዋሳ ለምትመጡ እህቶች የልብስ ነገር

ከካልጋሪ፦

ሰላም እህቶቼ፣ እንዴት ከረማችሁ? ከ9 ዓመት በኋላ ሀዋሳ ልገባ ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ደርሼ፣ እግዜር ካለ ጥምቀትን እዚያው አክብሬ እመለሳለሁ። እዚህ ካናዳ ሱቁ ሁሉ የሰመር ልብስ ሆኗል። ሊነን ሱሪ ገዛሁ። ስስ ረጅም ቀሚስ ገዛሁ። ያን ቅቤ የሚመስለውን ቢጫ ሸሚዝ ገዛሁ። አንድ ሰፊ ኮትና ካሞሽ ጫማም አለኝ። አሁን ሻንጣው ፊት ቁጭ ብዬ ፈራሁ። ለታይታ የመጣሁ መምሰል አልፈልግም። ተጎሳቁዬ ታይቼ እናቴን ማሳዘንም አልፈልግም። እዚያ ያላችሁ፣ ወይም በቅርብ ደርሳችሁ የተመለሳችሁ፣ ምን ልያዝ፣ ምን ልተው?

ከሀዋሳ፦

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። እናትሽንም እንኳን ደስ ያላቸው።

እኔ ፍራንክፈርት 11 ዓመት ኖሬ ከተመለስኩ 4 ዓመት ሆነኝ። የገባሁት ልክ እንዳንቺ ሐምሌ ላይ ነበር፣ ልክ እንዳንቺ የሰመር ልብስ ይዤ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከመናኸሪያ ወደ ቤት በባጃጅ ስሄድ ዝናቡ ወረደ። በጎን የሚገባው ውሃ አዲሱን ነጭ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጭቃ አለበሰው። ቤት ስደርስ እንቀጠቀጥ ነበር። እህቴ ሹራቧን አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችና «ክረምት እኮ ነው!» አለችኝ።

የልብሱ ችግር ሁሉ ያለው እዚህች ቃል ላይ ነው። ፈረንጅ ሰመር የሚላቸው ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ የእኛ ክረምት ናቸው። ዊንተር የሚላቸው ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት ደግሞ የእኛ በጋ። ትምህርት ቤት ግን ሰመርን በጋ፣ ዊንተርን ክረምት ብለን ተርጉመን አደግን። ስለዚህ በስልክሽ «የክረምት ፋሽን» የሚል ነገር ስታዪ፣ ለበረዶ የተሠራ ነው ወይስ ለዝናብ ብለሽ ጠይቂ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የበረዶ ኮት ሀዋሳ ላይ ያፍንሻል። የሰመር ቀሚስ ደግሞ ሐምሌ ላይ ያበርድሻል።

ፋሽኑ ራሱ የሚወጣበት ጊዜም ለዚያው አገር አየር የተቆረጠ ነው። ኒውዮርክ፣ ለንደን፣ ሚላኖና ፓሪስ ላይ መስከረም አካባቢ የሚታየው ልብስ ለቀጣዩ ዓመት ስፕሪንግና ሰመር ነው። የካቲት አካባቢ የሚታየው ደግሞ ለሚመጣው ብርድ። አንቺ ካልጋሪ ሱቅ ውስጥ «አሁን የወጣ» ብለሽ የገዛሽው ልብስ ሀዋሳ ላይ ጊዜው የሚደርሰው ከመስቀል በኋላ ነው። ስለዚህ የገዛሽው አልባከነም። ከሻንጣው ሥር ይቀመጥ። ኅዳር ላይ ታወጪዋለሽ።

አባቶቻችን ዓመቱን ሲከፍሉ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መጸው እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ከዚያ ፀደይ ብለው ነው። እኔ ቁም ሳጥኔን የማደራጀው በዚህ ነው። ከፋሽን ገጾች ይልቅ ይህ ይጠቅመኛል። ሀዋሳ ላይ ግን አንድ ነገር ጨምሪበት፤ ከመጋቢት ጀምሮ የበልጉም ዝናብ አለ።

ሌላም ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሀዋሳ ላይ ማታ የሚበርደው ከክረምቱ ይልቅ በበጋው ነው። ክረምት ላይ ደመናው ሙቀቱን ይዞ ያድራል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ቀኑ ወደ 28 ዲግሪ ይወጣል፤ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሌሊቱ ወደ 12 ይወርዳል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለ አትርሺ። ሐይቅ ዳር ቀን በቀሚስ ብቻ ተቀምጠሽ፣ ፀሐይ ስትገባ ጃኬት ትፈልጊያለሽ። ያ ሰፊ ኮትሽ ሥራው ያኔ ነው።

እስከ መስቀል ምን ትለብሻለሽ? ትሬንች ኮት ካለሽ ያዢው። የዘንድሮም የአምናም ፋሽን ነው፤ ለዝናብ ታስቦ የተሠራ ስለሆነም እዚህ ያምርበታል። ከሥሩ ጅንስና ቀጭን ሹራብ ይበቃል። ሰፊ ሱሪ እወዳለሁ፣ ልጆቹም እዚህ በጣም ይለብሱታል። መሬት የሚጠርገውን ግን ሐምሌ ላይ አትሞክሪው። ከቁርጭምጭሚት ሦስት ጣት ከፍ ብሎ ይታጠፍ። ካሞሹን ጫማ እዚያው ተይው ወይም ጥቅምትን ይጠብቅ፤ አንዴ ጭቃ ከጠጣ አይመለስም። በጨርቅ የሚወለወል የቆዳ ቦቲ ነው የሚያዋጣሽ። ቀጭን ታኮ ደግሞ ኮብልስቶኑ መሃል ይሰነቀራል። በዚህ መንገድ ቁርጭምጭሚቷን የጎዳች ጓደኛ አለችኝ።

ከመስቀል በኋላ ሊነኑን አውጪ። ሊነን የሚሠራው ከተልባ ግንድ መሆኑን ታውቂ ነበር? እኛ ፍሬውን በጥብጠን የምንጠጣው፣ እነሱ ግንዱን ፈትለው ይለብሱታል። ይህን ያወቅሁ ቀን ጨርቁን ወደድኩት። ላብ ይመጥጣል፣ አየር ያስገባል፣ ለጥር ቀትር ከእሱ የተሻለ የለም። ቶሎ ይጨማደዳል፤ መብራት ባለበት ማታ ተኩሰሽ ስቀይው፣ ጠዋት ላይ መብራት ሊሄድ ይችላል።

ስሱ ቀሚስ ላይ ጠንቀቅ በይ። የሀዋሳ ፀሐይ ጨርቅ ታሳልፋለች። ካልጋሪ ሱቅ መብራት ሥር ያልታየሽ ነገር እዚህ ቀትር ላይ ይታያል። ወይ ገበር ይግባለት፣ ወይ ከላይ ረዘም ያለ ሸሚዝ ቁልፉን ሳትቆልፊ ደርቢበት። ከሥሩ ቀጭን ሱሪ ለብሰሽም ያምራል፤ ፋሽኑም ይህንኑ ነው የሚያደርገው።

ስለ ቀለሙ፣ የቅቤው ቢጫ ለእኛ ጠይም ቆዳ የተሠራ ይመስለኛል። ፊትን ያበራል። ፓንቶን የሚባለው የቀለም ድርጅት የ2025 እ.ኤ.አ. የዓመቱ ቀለም ብሎ የመረጠው ሞካ ሙስ የሚባል ቡኒ ግን ብቻውን ከላይ እስከ ታች ሲለበስ ፊታችንን ይውጠዋል። አንገት አካባቢ ነጭ ወይም ክሬም ነገር ካለ ግን ቡኒውም ይነሣል። ነጠላ ይበቃል።

አንድ ነገር ልለምንሽ። የዘመኑን ነገር አንድ አንዱን ልበሺ። ሰፊ ኮት ከለበስሽ ሱሪው ልክ ይሁን። ሱሪው ሰፊ ከሆነ ላይኛው ይጠበብ። ሁሉንም ባንድ ቀን ስትደርቢው ነው ሰው «ከውጭ መጣሁ ልትለን ነው» የሚለው። የሀዋሳ ልጆች ከሰልባጅ አንዲት ኮት መርጠው፣ በልካቸው አስጠብበው፣ ፏ ብለው ሲወጡ ብታዪ የምልሽ ይገባሻል።

ከዋሽንግተን፦

ልጆቼ፣ ጥሩ ተባባላችሁ። እኔ አንድ ነገር ልጨምር።

9 ዓመት ብዙ ነው ልጄ። በሌለሽበት ያለፉ ጎረቤቶች፣ ዘመዶች አሉ። መጀመሪያ የምትሄጂው እነሱ ቤት ነው። እኔ ባለፈው ስሄድ የያዝኩት ሁሉ ደማቅ ልብስ ነበር፤ በደረስኩ በማግሥቱ እግዜር ያጽናችሁ ልል ስሄድ የእህቴን ቀሚስ ተውሼ ገባሁ። ቀሚሱ አጠረኝ። እዚያ ቤት ቁጭ ብዬ ጉልበቴን ስሸፍን ማልቀስ እንኳን አልቻልኩም። አንድ ጥቁር፣ ረዘም ያለ፣ እጅጌ ያለው ቀሚስ ከሻንጣሽ ላይኛው በኩል ይቀመጥ። ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ግቢ። ጌጡና ሽቶው ይቅር።

ከሀዋሳ፦

እናቴ፣ እድሜ ይስጥልኝ። እርስዎ ያሉትን እኔ ማስቀደም ነበረብኝ። እውነት ነው፣ እኔም የመጀመሪያው ሳምንቴ እንዲያ ነበር ያለፈው።

ለበዓሉም እንደዚሁ አስቢበት እህቴ። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ታኅሣሥ 19 ገብርኤል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ሁሉም በቆይታሽ ውስጥ ይውላሉ። ጥር ደግሞ ሠርጉ አለ። ለእነዚህ የሀበሻ ቀሚስ ከዚያ ገዝተሽ አትምጪ። እዚህ አሠሪ፤ ግን ጥር ሳይደርስ፣ ኅዳር ላይ እዘዢ። በሠርግ ሰሞን ሸማኔውም ልብስ ሰፊውም እጁ ይያዛል። የወቅቱን ቀለም መልበስ ካማረሽ ጥለቱ ላይ አስገቢው። ነጭ መነን፣ ቀጭን ጥለት፣ ቅቤ ቢጫና ቡኒ ተቀላቅሎ። እኔ አምና እንዲህ አሠራሁ፤ ሽማግሌዎቹም ወጣቶቹም ወደዱት። ኮት ከሀበሻ ቀሚስ ላይ መደረብ አሁን እየተለመደ ነው። እኔ አልወደውም። የጥበቡን ወገብ ይደብቀዋል። ከበረደሽ ኩታ አለ።

ከጎተንበርግ፣ ስዊድን፦

እህት ዓለም፣ እኔ በተቃራኒው ነኝ። ከሀዋሳ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። የሀዋሳ ጃኬቴን ለብሼ ጥቅምት ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ ነፋሱ አጥንቴ ድረስ ገባ። ወፍራም ኮት ገዛሁ፤ አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ ላብ በላብ እሆናለሁ። እነሱ ግን ሽክ ብለው ነው የሚሄዱት። እንዴት ነው የሚያደርጉት?

ከሀዋሳ፦

የኔ እህት፣ አይዞሽ፤ የመጀመሪያው ዓመት ለሁላችንም እንዲያ ነው። ምስጢሩ መደራረብ ነው። ከቆዳሽ ጋር የሚገናኘው ጥጥ አይሁን፤ ጥጥ ላቡን ይዞ ያቆይና መልሶ ያበርድሻል። ቀጭን የሱፍ ካናቴራ ፈልጊ፤ ሱፍ እርጥበት ቢነካው እንኳን ያሞቃል። ከላዩ ሸሚዝ ወይም ቀጭን ሹራብ፣ ከዚያ ነፋስ የማያስገባ ኮት። አውቶቡስ ስትገቢ አንዱን ታወልቂያለሽ። ዝነጣው የሚመጣው ደግሞ ከኮቱ ልክና ከስካርፉ ነው፣ ሌላው አይታይም። ጥሩውን ኮት ጥር ላይ ግዢው፤ ቅናሽ የሚወጣው ያኔ ነው። ነጠላሽን ደግሞ በሁለት አጥፈሽ አንገትሽ ላይ ጠምጥሚው። እኔ ፍራንክፈርት እያለሁ በየመንገዱ ከየት አመጣሽው ይሉኝ ነበር።

ከካልጋሪ፦

ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። እናቴ፣ ጥቁሩን ቀሚስ ከሁሉ በላይ አስቀምጫለሁ። ካሞሹ ቀረ። አንድ ጥያቄ ብቻ፤ ሰፊው ኮቴ ውስጡ የሚያንሸራትት ገበር አለው፤ ጥር ላይ ማታ ማታ ልለብሰው ነው ያሰብኩት። አይከብድም?

ከሀዋሳ፦

ገበሩ ፖሊስተር ከሆነ ያልብሻል። የእኔም እንደዚያ ነበር። ግን መፍትሔ አለው።

ሰፈሬ አንዲት ልጅ አለች። ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ከተመረቀ በኋላ እዚያ ገብታ ከሰፉት ልጆች አንዷ ናት። መጋቢት ላይ በሙቀቱ ለፈረንጅ ብርድ ረጅም እጅጌ ስንሰፋ እንውል ነበር ትለኛለች። ቀጣዩን ወቅት ከማንም ቀድሞ የሚያየው እጇ ነበር። አሁን ከዚያ ወጥታ አንድ ክፍል ተከራይታ የራሷን የስፌት መኪና ተክላለች።

ኮቴን ስወስድላት ሳትለካኝ መጀመሪያ ገልብጣ ስፌቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። «ይሄ ነው የሚያሞቅሽ» አለች ገበሩን ቆንጥጣ። ከዚያ ምላጭ አንሥታ የጎኑን ስፌት ክር በክር ፈታችው። ጨርቁን አንድ ቦታ እንኳን አልነካችውም። ትከሻውና እጅጌው ላይ ያለውን ገበር ተወችው፤ ከጀርባው ብብት በታች ያለውን በሙሉ አነሣችው። የተከፈተውን ጠርዝ በቀጭን ጨርቅ ከበበችው። ወገቡን ደግሞ በሳሙና ስባሪ ምልክት አድርጋ ሁለት ጣት አስገባችልኝ። ኮቱ ሰፊነቱን አልለቀቀም፣ ግን የእኔ ሆነ። እስከ ዛሬ ጥር በመጣ ቁጥር እለብሰዋለሁ።

አንቺም እሷ ጋ እወስድሻለሁ። ሱሪዎችሽንም ሳታሳጥሪ አምጫቸው፤ ጫማሽን አድርገሽ ፊቷ ቆመሽ ነው ልኩ የሚወሰደው። የሚከፈለውም ለእሷ ይሁን። እሷ ደግሞ ስለ አንቺ ስነግራት አንድ ነገር ብቻ ላከችብኝ፤ ለሐር ጨርቅ የሚሆን ቀጭን የመኪና መርፌ እዚህ አልቆባታል። ከቻልሽ አንድ ሁለት ፓኮ ያዢላት።